ላፕቶፑ ሞቷል ወይስ አስተርጓሚ አጥቷል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ከዚያ ወዲህ ዴንቨርና አውሮራ ከሚኖሩ ወገኖች አንድ ዓይነት አቤቱታ ደጋግሜ እሰማለሁ። «ላፕቶፔ ደኅና ይሠራ ነበር፤ ልጄ ሊኑክስ ጫነበትና ድምፁ ጠፋ» ይላሉ አንዱ። «ዋይፋዩ ሞተ» ይላሉ ሌላዋ። ካሜራው የታወረ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት የማይነቃ፣ ባትሪው በአንድ ሰዓት የሚያልቅ፣ ኪቦርዱ «አማርኛ አልጽፍም» ያለ ሁሉ አለ። ውሳኔውም በአብዛኛው አንድ ነው፤ ወይ ዕቃው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ወይ ተበድሮም ቢሆን አዲስ ይገዛል።

እኔ የምሠራው ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን በመንከባከብ ነው። ከሥራ ውጭ ደግሞ በዘመድም በጓደኛም በኩል የሚመጣልኝን ላፕቶፕ አያለሁ። ካየኋቸው መካከል አብዛኞቹ ምንም ያልተሰበረባቸው ነበሩ። ጥቂቶቹ ግን በእርግጥ የታመሙ ነበሩ፤ አዲሱ ሲስተም የተወነጀለው በዚያው ሰሞን በመምጣቱ ብቻ ነው። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ሰው ሁለት ዓይነት ጉዳት ያገኘዋል። ጤነኛውን ዕቃ ይጥላል፤ በእርግጥ የታመመውን ደግሞ «የሶፍትዌር ነገር ነው» ብሎ ሲነካካው ውስጡ ያለውን የቤተሰብ ፎቶና የኢሚግሬሽን ሰነድ ያጣል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሊኑክስን ማሻሻጥ ሳይሆን ሁለቱን መለየት ነው።

በሩ ለምን ተዘጋ?

ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ሲወጣ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ጠበቅ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይዞ መጣ። ቲ.ፒ.ኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ሴኪዩር ቡት ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ መሆን አለበት። ስምንተኛው ትውልድ ገበያ ላይ መውጣት የጀመረው በ2017 ነው። ስለዚህ በ2015 ወይም በ2016 የተገዛ ላፕቶፕ ምንም ያህል ፈጣንና ንጹሕ ቢሆን በሩ ተዘጋበት።

ማይክሮሶፍት በ2025 ለግለሰቦች ያስታወቀው የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ የተወሰነለት ጊዜ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ከዚህ ውጭ ያለው መንገድ አዲስ መግዛት ወይም ወደ ሊኑክስ መሻገር ነው። ሊኑክስ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 የጀመረው፣ ዛሬ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራና ደቢያን በሚባሉ መልኮች በነጻ የሚገኝ ሲስተም ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቀለል ብሎ ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከዕቃዎቹ ጋር ሲተዋወቅ ነው።

ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ማለት ነው

እዚህ አገር ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት ሄዶ አስተርጓሚ የጠበቀ ሰው ድራይቨር ምን እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ሐኪሙ ዐዋቂ ነው፤ በሽተኛውም ሕመሙን ጠንቅቆ ያውቃል። አስተርጓሚው ካልመጣ ግን ሁለቱ ተፋጠው ይቀራሉ። ሐኪሙ አላዋቂ፣ በሽተኛውም ዲዳ ሆኖ አይደለም። ላፕቶፕ ውስጥም ሲስተሙ ሐኪሙ ነው፤ የድምፅ ካርዱ፣ ዋይፋዩ፣ ካሜራው የየራሳቸውን ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። በመካከላቸው የሚቆመው ትንሽ ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል።

ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ አምራቹ ለዊንዶውስ የሚሆኑትን አስተርጓሚዎች ሁሉ አስቀድሞ አስገብቶለታል። ሊኑክስ ግን አብዛኞቹን ድራይቨሮች በራሱ ውስጥ ይዞ ይመጣል እንጂ የእርስዎን ላፕቶፕ ለይቶ አያውቅም። በጣም ከተለመዱ ዕቃዎች ጋር ወዲያው ይግባባል። የብሮድኮም ዋይፋይ፣ የኤንቪዲያ ግራፊክስ፣ የጣት አሻራ ማንበቢያና ገና ትናንት ገበያ የወጣ ሞዴል ግን ብዙ ጊዜ ያስቸግራሉ። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ድራይቨር ኖሮትም ሲነሣ የሚጫንለት ፈርምዌር የሚባል የራሱ ፕሮግራም ይፈልጋል። ይህ ፈርምዌር የአምራቹ ንብረት ስለሆነ አንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች በመርሕ ምክንያት አያስገቡትም ነበር። ለምሳሌ ደቢያን በመጫኛው ውስጥ ማካተት የጀመረው በ2023 ከወጣው 12ኛ ዕትሙ ወዲህ ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

ማንኛውም ዕቃ «ሞተ» ሲባል ዊንዳይቨር ከማንሣት በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ።

አንደኛ፦ ሲስተሙ ከመነሣቱ በፊትስ ይሠራል? ላፕቶፑ ሲበራ ባዮስ የሚባለው ሰሌዳ የዊንዶውስም የሊኑክስም አይደለም። ኪቦርዱ እዚያ ውስጥም የማይሠራ ከሆነ ጥፋቱ የሊኑክስ ሊሆን አይችልም። ብዙ አምራቾች የራሳቸውን መመርመሪያ እዚህ አስቀምጠዋል። ዴል ላይ በአብዛኛው ሲነሣ ኤፍ 12ን በመጫን፣ ኤች ፒ ላይ ደግሞ ኢስኬፕን ከዚያም ኤፍ 2ን በመጫን ይገኛል።

ሁለተኛ፦ በሌላ ሲስተምስ? ኡቡንቱም ሆነ ሚንት ሳይጫኑ ከፍላሽ ላይ ተነሥተው ሊሞከሩ ይችላሉ። ዊንዶውሱ ገና ሳይጠፋ በዚህ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ እንቅልፉን መፈተሽ የነገ ጭቅጭቅን ያስቀራል። ዊንዶውስ ላይ ሠርቶ ሊኑክስ ላይ እምቢ ያለ ዕቃ የአስተርጓሚ ችግር አለበት። በሁለቱም ላይ እምቢ ካለ ዕቃው ራሱ ታሟል።

ሦስተኛ፦ ችግሩ ከእንቅስቃሴ ጋር ይመጣል ይሄዳል? ስክሪኑን ሲያጥፉና ሲዘረጉ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ቻርጀሩን በአንድ ወገን ሲይዙት ብቻ ከሞላ፣ የገመድ ወይም የመሰኪያ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌር በእጅ ሲነኩት አይሻለውም።

ዋይፋይ

ዋይፋይ ጠፋ ሲባል አስቸጋሪው ነገር መድኃኒቱ ኢንተርኔት ላይ መሆኑ ነው። መውጫው ስልክ ነው። የአንድሮይድ ስልክዎን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና ዩ.ኤስ.ቢ ቴተሪንግ የሚለውን ይክፈቱ፤ ላፕቶፑ በስልኩ በኩል ኢንተርኔት ያገኛል። ከዚያ ሚንት ላይ «ድራይቨር ማናጀር»፣ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ከፍተው የጎደለው እንዲጫን ማዘዝ ነው።

ተጭኖም የማይሠራ ከሆነ ሁለት ነገር ይመልከቱ። ሴኪዩር ቡት ከበራ ሲስተሙ ከውጭ የመጣ ድራይቨርን ያለ ፈቃድ አያስገባም፤ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ይጠይቅና ላፕቶፑ እንደገና ሲነሣ በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ «ኢንሮል» እንዲሉት ይጠብቃል። ብዙ ሰው ይህን ሰሌዳ ሲያይ ደንግጦ ያልፈዋል፤ ድራይቨሩም እንደተቆለፈ ይቀራል። ሁለተኛው ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ለሚኖሩበት ላፕቶፕ ነው። የዊንዶውስ «ፋስት ስታርታፕ» ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ስለማያጠፋው ዋይፋዩ እንደተያዘ ሊቀር ይችላል፤ ያንን ከዊንዶውስ ውስጥ ማጥፋት ነው። ሁሉም ካልሆነ ከሊኑክስ ጋር እንደሚስማማ የተረጋገጠ አነስተኛ የዩ.ኤስ.ቢ ዋይፋይ ይግዙ። ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁም ነገር አይገባም።

ድምፅና ካሜራ

አንዲት የነርስነት ተማሪ ድምፅ የጠፋበት ላፕቶፕ ይዛ አንድ ጥገና ቤት ገባች። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ተብላ ከ300 ዶላር በላይ ተጠየቀች። ላፕቶፑን ሳየው ድምፁ በኤች.ዲ.ኤም.አይ በኩል ወደሌለ ቴሌቪዥን እየተላከ ነበር። ሳውንድ ሴቲንግስ ውስጥ «ስፒከርስ» የሚለውን መምረጥ ብቻ በቂ ሆነ።

ስለዚህ መጀመሪያ የድምፁን መውጫ ይፈትሹ። ቀጥሎ ኢርፎን ይሰኩ። ኢርፎኑ ከሠራ የድምፅ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ስፒከሩና ወደ ድራይቨሩ ይወርዳል፤ ከፍላሽ በተነሣ ሌላ ዕትም መሞከርም ሁለቱን ይለያቸዋል። ሲስተሙ ጭራሽ የድምፅ ካርድ የለም ካለና ላፕቶፑ አዲስ ሞዴል ከሆነ፣ የኢንቴል የድምፅ ፈርምዌር ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል ማሻሻያዎቹን ሁሉ አስገብቶ እንደገና ማስነሣት ይረዳል። ካሜራ ሲጠፋ ደግሞ በመጀመሪያ መስኮቱን የሚዘጋውን ትንሽ ክዳንና በኪቦርዱ ላይ ያለውን የካሜራ ቁልፍ ይዩ።

ስክሪን

ተጭኖ ካለቀ በኋላ ጥቁር ሆኖ የቀረ ስክሪን ብዙ ጊዜ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ምልክት ነው። ሚንትን በ«ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ»፣ ኡቡንቱን በ«ሴፍ ግራፊክስ» አስነሥቶ ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል። ስክሪኑ ራሱ መታመሙን ለማወቅ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ አስጠግተው ያብሩበት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ሲያገናኙት ቴሌቪዥኑ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ ግራፊክሱ ደኅና ነው፤ ወደ ስክሪኑና ወደ ገመዱ ይሂዱ።

ባትሪ፣ ሙቀትና የዴንቨር አየር

ባትሪ ቶሎ አለቀ ሲባል በግምት መከራከር አያስፈልግም። «ፓወር ስታቲስቲክስ» የሚባለው ፕሮግራም ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ለምሳሌ ሲሠራ 50 ዋት-ሰዓት የነበረ፣ አሁን 22 ብቻ የሚይዝ ከሆነ 44 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው። ይህንን የሚመልስ ሲስተም የለም፤ ባትሪው ይቀየራል።

አንድ ምልክት ግን በቀልድ አይታለፍም። ታችፓዱ መጫን እምቢ ካለ፣ ከፍ ካለ ወይም የላፕቶፑ ሆድ ከጠረጴዛ ላይ ካንገዳገደ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። የሊኑክስ ድራይቨር ፍለጋ ትተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ አይጫኑት፣ አይብሱት። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ የላፕቶፕ ማራገቢያ ተመሳሳይ ሙቀት ለማውጣት በርትቶ መሽከርከር አለበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ላፕቶፕ ስለሚሠራባት መሳሳቱ ብቻውን አይገድልም፤ የተጠራቀመ አቧራ ሲጨመርበት ግን ያፍነዋል። ማራገቢያው ከለውጡ በኋላ ያለ ዕረፍት ከጮኸ አቧራውን ያስጠርጉ፤ ኤንቪዲያ ያለበት ከሆነም ያለ ሥራ በርቶ እንዳይውል ድራይቨሩን ያስተካክሉ።

የክረምቱ ድርቀትም የራሱ መዘዝ አለው። በጃንዋሪ የበር እጀታ ስንነካ ጣታችንን ቁንጥጥ የሚያደርገን ብልጭታ ሜሞሪ ካርድን ሊጎዳ ይበቃል። ላፕቶፕ የሚከፍት ሰው ምንጣፍ ላይ ሆኖ አይክፈት፤ ባትሪውን ያላቅ፤ ውስጡን ከመንካቱ በፊትም ሌላ ብረት ይንካ።

ዲስኩና 48ቱ አኃዞች

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። አዲስ ሲስተም መጫን ማለት ብዙ ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ዲስክ ላይ መጻፍ ነው። ለዓመታት ሲያዘግም የኖረ ዲስክ በዚያ ሰዓት ሊወድቅ ይችላል። «ዲስክስ» የሚባለው ፕሮግራም ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤና መዝገብ ያሳያል፤ ከመጫን በፊት ከፍላሽ አስነሥቶ ማየት ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ምንም አይጫኑበት፤ መጀመሪያ ፎቶውና ሰነዱ ይውጣ።

ሁለተኛው አደጋ ቢትሎከር ነው። ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ባለቤታቸው ሳያውቅ ዲስካቸው ተመስጥሯል። ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን ወይም ቲ.ፒ.ኤምን የነካ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ዊንዶውስ ሲነሣ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠየቅ ይችላል። ሊኑክስም ያለዚያ ቁልፍ ዲስኩን አያነበውም። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። አንድ አባት ላፕቶፑን ሲያመጡልኝ ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ነበር፤ ነገር ግን አካውንቱ የተከፈተው በማይጠቀሙበት የድሮ ስልክ ቁጥር ነበር። ከአገር ቤት ያመጡት የእናታቸው ፎቶ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው፤ ሊከፈት አልቻለም። ስለዚህ ዊንዶውሱ ገና እየተነሣ ሳለ ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ፋይሎቹንም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይጫኑ።

ኪቦርዱ አማርኛ እምቢ ሲል

ይህ ሃርድዌር አይደለም፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ስለሱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ዊንዶውስ ደግሞ አማርኛን ከነፊደሉ ይዞ የመጣው በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ፊደላችንን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ብዙዎች በየፊናቸው ደክመዋል። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ በ1980ዎቹ ይህን ሥራ የሠሩት ኮሎራዶ ውስጥ ሆነው ነው።

ሊኑክስ ላይ ያለው ቀላል መንገድ አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ሥርዓት ላይ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ጥቅል ጨምሮ «አማርኛ ሴራ» የሚለውን መምረጥ ነው። ሴራ በ1990ዎቹ እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት፣ በእንግሊዝኛው ሰሌዳ እንደ ድምፁ የሚጻፍበት ዘዴ ነው። ኪማን የሚባለውም ለሊኑክስ አለ። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባለውን ነጻ ፎንት መጫን ይበቃል።

በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የዕድር መተዳደሪያ ወይም የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ አዲሱ ሲስተም ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዙ ቅርጽ የነበረው ፎንቱ ውስጥ እንጂ ጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ዊንዶውሱን ከማጥፋትዎ በፊት እነዚያን ፎንቶች ገልብጠው ያስቀምጡ።

ከመሻገር በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

ዳውንታውን ያለው የኦራሪያ ካምፓስ ሦስት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ይዟል፤ ከልጆቻችንም ብዙዎቹ እዚያ ይማራሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚሰጡበት «ሎክዳውን ብራውዘር» የተባለው ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ይህ ድራይቨር በመፈለግ የሚፈታ አይደለም። ተማሪ ያለበት ቤት፣ ወይም ከቤት ሆኖ በመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት፣ ከመሻገሩ በፊት ይጠይቅ፤ ቢያንስ አንዱን ኮምፒውተር በዊንዶውስ ያቆይ።

በእርግጥ ሲሰበር

ሦስቱ ጥያቄዎች ወደ ዕቃው ከመሩዎት ኮሎራዶ ውስጥ መሆንዎ ይጠቅምዎታል። ገዢው ጃሬድ ፖሊስ በሜይ 2024 የፈረሙት፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመጠገን መብት ሕግ፣ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያና መመሪያ ለባለቤቱም ለገለልተኛ ጠጋኝም እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ጥገና ቤት ሲገቡ «ተበላሽቷል» ብቻ አይበሉ። «ባዮስ ውስጥም አይሠራም፣ ከፍላሽ በተነሣ ሲስተምም ሞክሬዋለሁ» ይበሉ። እንዲህ ብሎ ለመጣ ሰው ማዘርቦርድ ተቃጥሏል ብሎ መንገር ይከብዳል። የክፍያውን ግምትና የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም ይጠይቁ።

መጨረሻው መጣል ከሆነ ደግሞ ኮሎራዶ ከጁላይ 2013 ጀምሮ ኮምፒውተርን ከቤት ቆሻሻ ጋር ወደ ማጠራቀሚያ መጣልን ከልክላለች፤ ወደ ሪሳይክል ይውሰዱት። ዲስኩን ግን አስቀድመው ያውጡት። በእኔ ግምት ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ካሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ለሪሳይክል የደረሱ አይደሉም፤ አንድ ድራይቨርና አንድ ባትሪ አግኝተው፣ አገር ቤት ኮሌጅ ለገባች የእኅት ልጅ ገና ብዙ ሊያገለግሉ የሚችሉ ናቸው።